ላፕቶፔ ቻርጅ አይዝም አለ

ባለፈው እትም ስለ ስልክ ባትሪ ከጻፍን በኋላ የላፕቶፕ ጥያቄ ጎረፈ። አብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ «ቶሎ ያልቃል»፣ «ቻርጅ አይዝም»፣ «ባትሪ ልቀይር ወይ?»። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ ጨፍልቄ ለቀሩት እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። አንዱ «ዛሬ ስንት ሰዓት ይቆይልኛል?» ነው፣ ሌላው «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?»። መልሳቸው አንድ አይደለም፣ እንዲያውም አንዳንዴ ይጋጫል። ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ወራት ሆነኝ። ሻጩ «አራት ሰዓት ይሄዳል» ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ሰዓት ገደማ ይቆይ ነበር፣ አሁን ግን ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። ዶርም ውስጥ ሶኬት ወረፋ ነው። አዲስ ባትሪ ልግዛ?
የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ቆይ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። መጀመሪያ ባትሪው ነው የደከመው ወይስ ላፕቶፑ ነው ብዙ የሚበላው? ጀሪካን አስብ። ውሃው ቶሎ የሚያልቀው ወይ ጀሪካኑ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ወይ ቧንቧው በጣም ስለተከፈተ ነው። ባትሪው የሚይዘው በዋት ሰዓት ይለካል፣ ላፕቶፑ የሚበላው በዋት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ታገኛለህ።

የባትሪህን መጠን ዊንዶውስ ራሱ ይነግርሃል፣ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለህ ፈልግና ጥቁሩን መስኮት ክፈት። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለህ ጻፍ፣ አንድ ቦታ ዝለል፣ ስላሽ አድርግና «ባተሪሪፖርት» ብለህ አያይዘህ ጻፍ፣ ከዚያ ኢንተር በል። ፓወር ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያሉት ሦስት ፊደላት ሲ፣ ኤፍ እና ጂ ናቸው፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ የለም። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ እዚያው ይጽፍልሃል፤ ፋይሉን በብራውዘር ክፈተው።

ብዙ ሠንጠረዥ ታያለህ፣ አትደንግጥ። የምትፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ ደግሞ ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 48,000፣ ሁለተኛው 31,000 ሚሊዋት ሰዓት ቢሆን ባትሪህ ከአቅሙ 65 በመቶ ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው። ሳይክል ካውንት የሚል መስመርም አለ፤ ስንት ሙሉ ዙር ቻርጅ እንደተደረገ ነው የሚናገረው፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ባዶ ነው። አንድ ሳይክል ማለት መቶ በመቶ መጠቀም ነው እንጂ አንዴ መሰካት አይደለም። ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ብትጠቀም አንድ ሳይክል ነው። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ሳይክል ሲደርሱ ወደ 80 በመቶ ይወርዳሉ። ማክቡኮች 1,000 ሳይክል እንዲቆዩ ተደርገው ነው የሚሠሩት።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ያ 31,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ማለትም 31 ዋት ሰዓት፣ የያዘ ባትሪ ላፕቶፑ 8 ዋት ቢበላ ወደ አራት ሰዓት ይቆያል። 20 ዋት ቢበላ ግን ሰዓት ተኩል ብቻ! ባትሪው ያው አንድ ባትሪ ነው። ያንተ ሰዓት ተኩልም ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ከገዛኸው በኋላ አንዳች ነገር ከጫንክበት። ሪፖርቱ ከ60 በመቶ በላይ ካሳየህ እኔ ባትሪ አልገዛም። ከ50 በታች ከሆነ ግዛ፣ ያኔ ሰበብ የለውም።

ዋቱን ማን ይበላል? ስክሪኑ ዋነኛው ነው። ብርሃኑን ከሙሉ ወደ ግማሽ ማውረድ ብቻ ለውጡን ወዲያው ታየዋለህ። ስክሪንህ 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ (ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው) በባትሪ ስትሠራ ወደ 60 አውርደው። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘር ነው፣ ሠላሳ ታብ ተከፍቶ ከኋላው ደግሞ ዩቲዩብ እየዘፈነ። ታስክ ማናጀርን ክፈትና ምንም ሳትነካ ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ እይ። ዝም ብሎ ተቀምጦ 30 እና 40 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ፕሮግራም ከኋላ እየበላህ ነው። በተሰረቀ ማስከፈቻ፣ ማለትም በክራክ የተጫነ ሶፍትዌር ካለህ ደግሞ ከኋላ ሌላ ሰው ኮምፒውተርህን ተከራይቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ቀልድ አድርገህ አትውሰደው፣ ለሌላ ሰው ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚቆፍር ቫይረስ ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ጋር ተያይዞ ይመጣል፣ ባትሪውንም ፋኑንም እኩል ነው የሚጨርሰው።

ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ካለው፣ ለምሳሌ ኤንቪዲያ፣ ለወርድና ለብራውዘር እንዳይነሳ ከግራፊክስ ሴቲንግ «ፓወር ሴቪንግ» የሚለውን ምረጥላቸው። ብሉቱዝ ማጥፋት የሚያተርፈው እዚህ ግባ አይባልም። ስክሪኑን ጥቁር ማድረግ፣ ዳርክ ሞድ የሚሉት፣ በተራው ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ምንም አያቆጥብም፣ ከኋላ ያለው መብራት ጥቁርም ሆነ ነጭ እኩል ይበራልና። ኦሌድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራበት ስክሪን፣ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅምህ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላፕቶፔ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰክቶ ነው የሚውለው። አንድ ባልደረባዬ «ሙልት ሲል ንቀዪው፣ እስኪያልቅ ተጠቀሚ፣ ከዚያ እንደገና ሰኪ፣ አለበለዚያ ይቃጠላል» ይለኛል። ሌላዋ ደግሞ ተሰክቶ ይዋል ትላለች። የቱን ልስማ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የባልደረባሽ ምክር ድሮ ትክክል ነበር። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ደጋግሞ ሲሞላ አቅሙን የሚቀንስበት ባህርይ ነበረው። ሶኒ ሊቲየም አዮንን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ያለውም ያው ሊቲየም ነው፣ እሱ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚወደው። እስከ ዜሮ ማውረድ ይጎዳዋል። «አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» የሚባለውም የዚያው ዘመን ቅርስ ነው፣ ተይው።

«ይቃጠላል» ለሚለው፣ አይቃጠልም። ሲሞላ የላፕቶፑ ሰርኪት ቻርጁን ያቆማል፣ ላፕቶፑም ከቻርጀሩ እየወሰደ ይሠራል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሊቲየም ሴል፣ ማለትም ባትሪው ከተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ፣ መቶ በመቶ ሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ አይወድም። ሞልቶ ሲቀመጥ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ብዙዎቹ ሴሎች 4.2 ቮልት አካባቢ ነው ሙሉ የሚሆኑት፣ በዚያ ግፊት ሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። የቢሮ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለቱንም ያሟላል፣ ቀኑን ሙሉ መቶ በመቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሞቆ።

መፍትሔው መንቀልና መሰካት ሳይሆን ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ይህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ አለ፣ ግን ማንም አይነካውም። ሌኖቮ ከሆነ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ ፈልጊ። አሱስ ከሆነ ማይአሱስ ውስጥ 60 ወይም 80 ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ። ዴል ከሆነ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭነሽ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቢና «ፕራይመሪሊ ኤሲ ዩዝ» የሚለውን ምረጪ። ኤችፒ ከሆነ ባዮሱ በኤፍ 10 ይከፈታል፣ «ባተሪ ሄልዝ ማናጀር» በሚለው ስር «ማክሲማይዝ ማይ ባተሪ ሄልዝ» አለ፣ በተለይ የቢሮ ሞዴሎቹ ላይ። ማክቡክ «ኦፕቲማይዝድ ባተሪ ቻርጂንግ» አለው፣ እሱ የሥራ ሰዓትሽን እየተማረ ራሱ ያዘገያል።

አሁን የግጭቱን ነገር ላምጣ። እዚህ አገር መብራት ይጠፋል። 80 በመቶ ላይ ገድበሽው ከሰዓት መብራት ቢጠፋና ሪፖርት የምታስረክቢበት ቀን ቢሆን ያ 20 በመቶ ያስለቅስሻል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው፤ መብራት ደህና በሚሆንበት ሰሞን 80፣ በየቀኑ በሚጠፋበት ሰሞን ወይም የወር መዝጊያ ሳምንት ላይ 100። ባትሪ የተገዛው እንዲሠራ ነው፣ ለሁለት ዓመት ሙዚየም ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም። ገደቡን ማንሳትና መመለስ ደግሞ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስታቢላይዘር ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። የቻርጀርሽን ጀርባ አንብቢ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ስለዚህ መብራት ሲዳከም ላፕቶፑ ግድ የለውም። የሚያሰጋው መብራት ሲመለስ በአንድ ጊዜ የሚመጣው ኃይል ነው። ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀዪው፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ ሰኪው። ይህን ለማድረግ የማይመች ከሆነ ደህና መከላከያ ያለው ዲቫይደር በቂ ነው፣ ርካሹ ዲቫይደር ግን ቀዳዳ ከማብዛት በቀር የሚከላከለው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ መምህር ነኝ። ለክረምት ቤተሰብ ጋ ስሄድ ላፕቶፑን ሞልቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት እሄዳለሁ፣ እንዳይሞት ብዬ ነው። ባለፈው ስመለስ ባትሪው እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ሙቀቱ ይሆን?

መልስ፦ ሙቀቱም ነው፣ መሙላትዎም ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይብስበታል። ቁጥር ልስጥዎት። ሊቲየም አዮን ባትሪ በ25 ዲግሪ 40 በመቶ ተሞልቶ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከአቅሙ 96 በመቶ ያህል ይቀረዋል። በዚያው ሙቀት ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ ግን ወደ 80 ይወርዳል። በ40 ዲግሪ ከሆነ 40 በመቶ የተሞላው 85 ገደማ፣ ሙሉው 65 ገደማ። እንግዲህ ድሬዳዋ ላይ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ ያውቃሉ።

ለዚህ ዓመት ክረምት እንዲህ ያድርጉ። ሲሄዱ 50 በመቶ አካባቢ አድርሰው ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ ስሊፕ አይደለም፣ ሸት ዳውን። ቤቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ የሚባለው ቦታ ወለሉ አጠገብ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለዎት በተለይ። ከጣሪያ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ። ባዶውን አድርገው መሄድም አይሆንም፤ ባትሪው ሳይነካም በጥቂቱ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታች በጣም ከወረደ መከላከያ ሰርኪቱ ይዘጋዋል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቻርጅ አልቀበል ይላል።

በሥራ ቀንም የሚሆን ነገር ልጨምር። ላፕቶፑን አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አድርጎ መሥራት የአየር ማስገቢያውን ይደፍነዋል፣ አብዛኛው ከታች ነው የሚተነፍሰው። ጠንካራ ነገር ላይ ያድርጉት፣ ከኋላው በኩል በትንሽ መጽሐፍ ከፍ ቢያደርጉትም ጥሩ ነው። ፋኑ አቧራ ከሞላ ይጸዳ፣ ዓመት አንዴ ይበቃል። መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ግን፣ በተለይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ እባክዎ ይቅር።

ጥያቄ፦ ማታ 80 በመቶ ሆኖ ዘግቼው ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ነበር። ጠዋት ስብሰባ ላይ ስከፍተው ሞቷል፣ ቦርሳው ደግሞ ሞቆ ነበር! ምን ነካው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አልጠፋም ነበር፣ ተኝቶ ነበር እንጂ። እንቅልፉም ድሮ የምናውቀው እንቅልፍ አይደለም። ባለፉት ዓመታት የወጡ ብዙ ላፕቶፖች ሲዘጉ እንደ ስልክ ከኋላ እየሠሩ ይቆያሉ፣ ዋይፋይ ይይዛሉ፣ ኢሜይል ያወርዳሉ፣ ዊንዶውስ ማሻሻያ ሲመጣም ይነሳሉ። ቦርሳ ውስጥ ሲነሳ መተንፈሻ የለውም፣ ይሞቃል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ የአንድ ቀን ስብሰባ ብቻ ሳይሆን የባትሪውንም ዕድሜ ነው የሚበላብህ።

መድኃኒቱ ሃይበርኔት ነው። ሃይበርኔት የከፈትከውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ስትከፍተው የነበርክበት ይመልስሃል፣ ከስሊፕ ጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ ነው። ዊንዶውስ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ደብቆታል። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግባ፣ በግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ተጫን፣ ከላይ ያለውን ለመቀየር የሚያስፈቅደውን መስመር ነካ አድርግ፣ ከታች ሃይበርኔት ላይ ምልክት አድርግና ሴቭ በል። እዚያው ገጽ ላይ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ ባትሪ በሚለው አምድ ሃይበርኔት፣ ቻርጀር በሚለው አምድ ስሊፕ አድርገው። ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ሁሌም ተነቅሎ ነውና በዚህ ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ባትሪ ልገዛ ሄጄ አምስት ሱቅ አምስት ዋጋ ጠሩልኝ። ሁሉም «ኦሪጅናል ነው» ይላሉ። እንዴት ልለይ? የውስጡን ሴል ብቻ የሚቀይሩም አሉ፣ ይሻላል?

መልስ፦ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ሱቅ ውስጥ ብዙ ትርጉም ስላለው እሱን ተወውና ዕቃውን አናግረው። ከቤት ስትወጣ የድሮውን ባትሪ ይዘህ ሂድ፣ ካልሆነ ፎቶውን። ላዩ ላይ የተጻፈው የፓርት ቁጥር፣ ቮልቱ እና ዋት ሰዓቱ ነው የሚያስፈልግህ። 10.8 እና 11.1 ቮልት የሚሉት አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ሦስት ሴል በተከታታይ ነው፣ አጻጻፉ ነው የተለየው። 14.4 ወይም 14.8 ግን አራት ሴል ነው፣ በ10.8 ቦታ አይገባም፣ ቅርጹ ቢገባም እንኳ።

አቅሙን ራስህ አስላ። ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ስታባዛ ዋት ሰዓቱ ይመጣል። 10.8 ቮልት እና 4,400 ሚሊአምፒር ሰዓት ከሆነ 47.5 ዋት ሰዓት ነው። የተጻፈው ከዚህ ጋር ካልገጠመ፣ ያተመው ሰው ሒሳብ አልሠራም ማለት ነው። ክብደቱንም በእጅህ መዝን፣ ሴል ከባድ ነገር ነው፣ በጣም የቀለለ ባትሪ ውስጡ የጎደለው ነገር አለ።

ከዚያ ሳትከፍል ላፕቶፕህ ላይ ግጠመውና ለጎንደሩ ተማሪ የነገርኩትን ሪፖርት አውጣ። ሳይክሉ ዜሮ ወይም ጥቂት መሆን አለበት፣ ሁለቱ ካፓሲቲዎችም ተቀራራቢ። ይህ ቁጥር ሊጭበረበር ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ሳምንት የመመለሻ ዋስትና በወረቀት ጠይቅ። ዋስትና የሚሰጥህ ሱቅ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ወደ እሱ ሂድ። የተመረተበትን ቀንም ተመልከት። እውነተኛ የፋብሪካ ባትሪ ሆኖ አምስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ፣ ትናንት ከተመረተ ደህና ኮፒ አይሻልም።

ሴል መቀየሩን በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። የድሮዎቹ ወፋፍራም ባትሪዎች ውስጥ 18650 የሚባል ሴል አለ፣ 18 ሚሊሜትር ስፋት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። እውነተኛው ቢበዛ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ገበያ ላይ ግን 9,900 የተጻፈበት ታያለህ፣ እሱ ንጹህ ውሸት ነው። ባለሙያው በትክክለኛ ማሽን ካልበየደውና በሶልደር ብረት ሴሉን ካጋለው ደግሞ አዲሱም ገና ሳይሠራ ይጎዳል። አንዳንድ ባትሪ ውስጥ ያለው ቺፕ ሴሉ ሲነቀል ራሱን ይቆልፋል፣ ያኔ ገንዘቡም ባትሪውም ሄደ። ስስ በሆኑት አዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ለስላሳ ፓኬት ሴል ከሆነማ ጭራሽ አይነካም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለወንድሜ ላፕቶፕና ተጨማሪ ባትሪ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልልክ ነው። ሰውዬው ሻንጣ ውስጥ ልክተተው አለኝ፣ ይቻላል? ቻርጀሩስ የአሜሪካ ነው፣ ትራንስፎርመር ይግዛ?

መልስ፦ ተጨማሪው ባትሪ ለካርጎ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚሄደው። ይህ የአንድ አየር መንገድ ጉዳይ አይደለም፣ የሁሉም ደንብ ነው። ባትሪው እሳት ቢያስነሳ ካቢን ውስጥ ሰው ያየዋል፣ ከታች ግን ማን ያየዋል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ይሄዳል፣ የላፕቶፕ ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ በታች ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኚያቸው ወይም ከነማሸጊያው ይሂድ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ እንዳይገባ። ላፕቶፑንም ሰውዬው በእጁ ቢይዘው ይሻላል። ሻንጣ ውስጥ የግድ ካልሆነ በቀር አይግባ፣ ከገባም ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ በልብስ ተጠቅልሎ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምን እንደያዘ ለሰውዬው በግልጽ ንገሪው። ፍተሻ ላይ «ያንተ ነው ወይ?» ሲባል የማያውቀውን ነገር ይዞ እንዳይቆም።

ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ እባክሽ አትግዢ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 የሚል ካለ በ220 ያለምንም ችግር ይሠራል። የሚለየው የሶኬቱ ጫፍ ብቻ ነው። ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለው ገመድ የሚነቀል ከሆነ ወንድምሽ እዚህ የራሱን ገመድ በጥቂት ብር ይገዛል፣ ከየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። ጫፍ መቀየሪያ አድርጎ እየተወዛወዘ ከሚሰካ ይሻላል፣ ላላ ያለ ሶኬት ይሞቃል።

ጥያቄ፦ ታችፓዴ በመሃሉ አበጠ፣ ክሊክ አላደርግ አለ። ክዳኑም ደህና አይገጥምም። ታችፓድ የት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ታችፓዱ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ያለው ባትሪ ነው ያበጠው። አሁኑኑ አጥፋውና ንቀለው፣ ቻርጅም አታድርገው፣ «ይህችን ፋይል ልጨርስና» አይባልም። ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተጠራቅሟል። አትጫነው፣ በመርፌ ወግተህ ላስተንፍሰው እንዳትል፣ በበይነመረብ እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፣ የሚቀጣጠለው ያኔ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አያስተካክለውም። ከሚቃጠል ነገር ራቅ ያለ፣ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጠውና ለባለሙያ ውሰደው፣ በእጅህ እንጂ በታክሲ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሌላ ሻንጣ ስር አድርገህ አይደለም። የወጣውን ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣለው። ቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። የቀየረልህ ሱቅ እንዲወስደው ጠይቅ።

አዲሱን ባትሪ ስታስገባ ላፕቶፑ ስንት ሰዓት ተሰክቶ እንደሚውል አስብ። ሁሌ ተሰክቶ፣ ሁሌ ሞልቶ፣ ሁሌ ሞቆ የሚውል ላፕቶፕ ነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የሚደርሰው።

አጫጭር፦

«30 በመቶ ላይ ድንገት ይጠፋል» ላላችሁ፣ ወይ ባትሪው በጣም ደክሟል፣ ወይ መለኪያው ተሳስቷል። አንዴ ሙሉ አድርጋችሁ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ሳታቋርጡ እስከ 100 ሙሉት። ይህ መለኪያውን ያርመዋል እንጂ አቅም አይጨምርም። በየወሩ አታድርጉት። ከዚህ በኋላም 30 ላይ ከጠፋ መለኪያው አልነበረም።

«ባትሪውን አውጥቼ በቻርጀር ብቻ ብሠራስ?» ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይቻላል፣ ግን መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። 80 ላይ መገደብ ከዚህ የተሻለ ነው።

«ቻርጀሬ ጠፋ፣ የጓደኛዬን ልጠቀም?» ክብ ቀዳዳ ካለው ቮልቱ አንድ መሆን አለበት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ቢሆን ችግር የለውም። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ ላፕቶፑና ቻርጀሩ ቮልቱን ራሳቸው ይስማማሉ፤ 65 ዋት የሚፈልገውን በ45 ብትሰካው በዝግታ ይሞላል።

«ፓወር ባንክ ላፕቶፕ ይሞላል?» በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ ከሆነና ፓወር ባንኩ ፓወር ዴሊቨሪ የሚል ከተጻፈበት፣ ቢያንስ 45 ዋት የሚያወጣ ከሆነ፣ አዎ። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ 74 ዋት ሰዓት ነው፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ገደማ ይደርሳችኋል፣ አንድ ተራ ላፕቶፕ ከባዶ አንዴ ለመሙላት ይበቃል። ተራው የስልክ ፓወር ባንክ 5 ቮልት ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ግን አይሞላም፣ ገመዱ ቢገባም። ላፕቶፑ ክብ ቀዳዳ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ የኤሲ ሶኬት ያለው ትልቁን ፓወር ባንክ ነው የምትፈልጉት፣ እሱ ደግሞ ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ሊበልጥ ስለሚችል መጀመሪያ ሪፖርቱን አውጡ።